ኤኖ ሊትማንና የአክሱም ድንጋዮች

በአክሱም ከተማ ምዕራባዊ ክፍል ታዕካ ማርያም የሚባል ሥፍራ አለ። በዚያ ሥፍራ በጥንት ዘመን 120 ሜትር በ80 ሜትር ያህል ቦታ የሸፈነ፣ በአደባባዮችና በሰፋፊ ደረጃዎች የተከፋፈለ ታላቅ ቤተ መንግሥት ቆሞ ነበር። ዛሬ ቦታውን ለማየት የሚሄድ ሰው ግን ለዚያ ታላቅነት ምስክር የሚሆን ነገር ብዙም አያገኝም። በፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ዘመን በፍርስራሹ ላይ የመኪና መንገድ ስለ ተቀደደበት፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ዝናምንና ፀሐይን ተቋቁሞ የኖረው መሠረት በአጭር ጊዜ ውስጥ ተበታተነ። ይሁን እንጂ ስለ ቤተ መንግሥቱ አሠራርና ስለ ክፍሎቹ አቀማመጥ ዛሬም በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል። መንገዱ ከመቀደዱ 30 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ አራት ሰዎች ወደ አክሱም መጥተው ቦታውን ለክተው፣ የለኩትንም በወረቀት ላይ አስፍረውት ነበርና ነው። የእነዚህ ሰዎች መሪ ኤኖ ሊትማን ይባል ነበር።

ስለ አክሱም የሚጻፍ መጽሐፍ ሁሉ የእርሱን ስም ሳያነሣ አያልፍም። ሆኖም ሊትማን ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበረ፣ በምን መንገድ ወደ አክሱም እንደ ደረሰና ሥራው ለምን እስከ ዛሬ እንደ ጸና በዝርዝር ሲነገር የሚሰማው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። የጥንት ቅርስን በመጠበቅ ሙያ ለተሠማራ ሰው ግን ከዚህ ሕይወት የሚገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ሊትማን መስከረም 16 ቀን 1875 በሰሜን ምዕራብ ጀርመን በምትገኘው በኦልደንቡርግ ከተማ ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ ለቋንቋ የተለየ ፍቅር ነበረው። የከፍተኛ ትምህርቱን በበርሊን፣ በግራይፍስቫልትና በሃሌ ዩኒቨርስቲዎች ተከታተለ። በሃሌ ያስተማረው ፍራንዝ ፕሬቶሪዩስ የትግርኛንና የአማርኛን ሰዋስው በየተራ ጽፎ ያሳተመ ሊቅ ነበር። ሊትማንም በዚሁ መምህር እግር ሥር ሆኖ በ1898 የዶክትርና ጽሑፉን ሲያቀርብ የመረጠው ርእስ የትግረ ቋንቋ ግሥ ነበር። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 22 ዓመት ሲሆን፣ የሚያጠናውን ቋንቋ የሚናገሩትን ሰዎች አገር በዓይኑ አላየም።

ጀርመኖች ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋዎች ማጥናት የጀመሩት ከእርሱ ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። በ17ኛው ምእተ ዓመት ኢዮብ ሉዶልፍ ከመካነ ሥላሴው ሰው ከአባ ጎርጎርዮስ ግዕዝና አማርኛ ተምሮ ለአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት መሠረት ጥሏል። ሁለቱ በ1649 በሮማ ከተማ ተዋውቀው፣ ከ3 ዓመት በኋላ ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ እስከ ጀርመን ድረስ ተጉዘው ከሉዶልፍ ጋር አብረው ሠርተዋል። ወደ አገራቸው ለመመለስ በተጓዙበት በ1658 ግን መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ላይ አረፉ። በ19ኛው ምእተ ዓመት አውግስጦስ ዲልማን የግዕዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አዘጋጅቶ ያንኑ ሥራ አስፋፋ። ሊትማን የወረሰው ይህን ነበር። ይሁን እንጂ ከእርሱ በፊት የነበሩት መምህራን አብዛኛውን ጊዜ የሠሩት በመጻሕፍት ላይ ነበር። እርሱ በመጽሐፉ ላይ ድንጋዩንና የሰውን አንደበት ጨመረበት።

ድንጋይ ማንበብን የተማረው በሶርያ በረሐ ነው። በ1899 እና በ1900 አንድ የአሜሪካ የአርኪዎሎጂ ቡድን ወደ ሶርያ ሲዘምት የሴማውያንን ጽሑፎች እንዲመረምር ተመረጠ። በዚያ በጥቁር ድንጋይ በተሞላ ምድረ በዳ እረኞችና መንገደኞች ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት ስማቸውንና የአባቶቻቸውን ስም፣ ግመላቸውንና ኀዘናቸውን በድንጋይ ላይ ጭረው ትተው ነበር። የሳፋ ጽሑፍ የሚባለውን የዚህን ፊደል ምሥጢር ሌሎች ሊቃውንት ሞክረው ከፊሉን ደርሰውበት ነበር፤ ሊትማን በ1901 ሥራውን ከፍጻሜ አደረሰው። በ1904 ደግሞ የሰሙድ የተባሉትን የሰሜን ዐረብያ ጽሑፎች ፊደል ፈታ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ በፕሪንስተን ዩኒቨርስቲ የጽሑፍ ቅርሶችን እየመዘገበና እያስተማረ ጥቂት ዓመታት ቆየ። ከዚህ ሁሉ ያገኘው ዋና ትምህርት፣ የድንጋይ ጽሑፍ በቦታው ላይ ሆነው በጥንቃቄ ካልገለበጡት በስተቀር በሩቅ ሆኖ ሊታረም የማይችል መሆኑን ነው። አንዲት የተሳሳተች ፊደል የአንድን ንጉሥ ስም ወደ ሌላ ንጉሥ ስም ልትለውጥ ትችላለች።

በ1905 ከፕሪንስተን ዩኒቨርስቲ በተሰጠው ተልእኮ ወደ ቀይ ባሕር አገር ተሻገረ። በኤርትራ በመንሳዕ ሕዝብ መካከል በገለብ ሰፍሮ የትግረን ቋንቋ ከተናጋሪዎቹ አፍ መስማት ጀመረ። በዚያ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ጣቢያ ነበርና ከሚሲዮኑ ሰዎች ርዳታ አገኘ። ከሁሉ የበለጠ የረዳው ግን የመንሳዕ ተወላጅ የሆነው ነፋዕ ወድ ዕትማን ነው። ነፋዕ የአገሩን ተረት፣ ልማድ፣ ግጥምና የትውልድ ሐረግ ከሽማግሌዎች እየጠየቀ በገዛ እጁ የሚጽፍ ወጣት ነበር። ሊትማን ወደ ጥንቱ ፍርስራሽ ከመሄዱ በፊት በሕይወት ያለውን ሰው ለማዳመጥ ጊዜ መስጠቱ የሥራውን ጠባይ የሚያሳይ ነው። ከዚህ የተገኘው ስብስብ ከ1910 እስከ 1915 በላይደን ከተማ በተከታታይ ታተመ። ከ700 በላይ የሚሆኑ የትግረ ግጥሞችም በዚሁ ውስጥ ተጠብቀው ይገኛሉ።

በዚሁ ጊዜ የአክሱም ጉዳይ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ነበር። በ1905 መጀመሪያ ላይ የጀርመን መንግሥት መልእክተኛ ፍሪድሪክ ሮዘን ወደ ዐፄ ምኒልክ ቀርቦ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። በዚህ ግንኙነት መካከል በአክሱም ጥንታዊ ሐውልቶች ላይ ጥናት እንዲደረግ ሐሳብ ቀርቦ ዐፄ ምኒልክ ፈቀዱ። የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዊልሄልምም ወጪውን ለመሸፈን ተስማማ። የቡድኑ መሪነት ለ30 ዓመቱ ሊትማን ተሰጠ። ከእርሱ ጋር ሁለት የሕንፃ ባለሙያዎች፣ ዳንኤል ክሬንከርና ቴዎዶር ፎን ሉፕከ፣ እንዲሁም ሐኪሙ ኤሪክ ካሽከ ተመደቡ። ክሬንከር በሊባኖስ በበዓልበክ የሚገኙትን የሮማውያን ቤተ ጣዖቶች በመለካት ሥራ የሠለጠነ ሲሆን፣ ሉፕከ ደግሞ በፎቶግራፍ ሕንፃን የመመዝገብ ልዩ ዕውቀት ነበረው።

ቡድኑ በ1906 በጥር ወር አክሱም ገባ። በዚያን ጊዜ አገሩን ያስተዳድሩ የነበሩት ደጃዝማች ገብረ ሥላሴ በክብር ተቀብለው ለሥራው የሚያስፈልገውን አደረጉ። ደጃዝማቹ ራሳቸው ቀደም ሲል የአክሱም ንቡረ እድ የነበሩ፣ የቦታውን ቅድስናና ክብር ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ነበሩ። በከተማው በዚያን ዘመን ቤተ መዘክር አልነበረም። የተቀረጹ ድንጋዮች በየአጥሩና በየግድግዳው ውስጥ ገብተው፣ የነገሥታቱ የድንጋይ መናብርት በየሜዳው ተበትነው፣ ሐውልቶቹም ከፊላቸው ቆመው ከፊላቸው ወድቀው ይታዩ ነበር። ለሕዝቡ እነዚህ ሁሉ ከጽዮን ማርያም ክብርና ከነገሥታቱ ታሪክ የማይለዩ ሕያው ነገሮች እንጂ የሞተ ዕቃ አልነበሩም።

ሥራው የተፈጸመው በሦስት ወር ያህል ጊዜ ውስጥ ነው። የከተማው ካርታ ተነሣ። ሐውልቶቹ አንድ በአንድ እየታዩ ቁጥር ተሰጣቸው። በታዕካ ማርያም፣ በእንዳ ስምዖንና በእንዳ ሚካኤል ቁፋሮ ተደርጎ የሦስቱም ሕንፃዎች መሠረት በንድፍ ላይ ዋለ። የዐፄ ካሌብና የዐፄ ገብረ መስቀል መቃብር ተብለው የሚጠሩት ሕንፃዎች ተለኩ። ቡድኑ በየሓ የሚገኘውን ጥንታዊ ቤተ መቅደስና የደብረ ዳሞን ቤተ ክርስቲያን፣ በመመለሻውም መንገድ ላይ በኤርትራ ደጋ ያሉትን ፍርስራሾች መረመረ። አንድ ባለሙያ ይህን የሥራ ዝርዝር በሦስት ወር ላይ ሲያካፍለው በቀን ምን ያህል ሰዓት ይሠሩ እንደ ነበር መገመት አያቅተውም።

ክሬንከር ሐውልቶቹን ሲመረምር አንድ ትልቅ ነገር አስተዋለ። ታላላቆቹ ሐውልቶች የተቀረጹት ባለ ብዙ ፎቅ ቤት አስመስለው ነው። ከታች የተዘጋ በር አላቸው፤ ከዚያ በላይ በየደርቡ መስኮቶች ተደርድረዋል። በየፎቁ መካከል የጦጣ ራስ የሚባሉት ክብ የእንጨት ጫፎች በድንጋይ ላይ ተቀርጸው ይታያሉ። ይህ አሠራር በምናብ የተፈጠረ ጌጥ ሳይሆን በዘመኑ በእውነት ይሠራ የነበረ የድንጋይና የእንጨት ሕንፃ ሥዕል መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ ደብረ ዳሞ መሄድ በቂ ነበር። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያው እንጨት፣ ያው አገባብ በሥራ ላይ ውሎ ተገኘ። ስለዚህ የፈረሰውን ቤተ መንግሥት ከሐውልቱ፣ የሐውልቱን ትርጉም ደግሞ ቆሞ ካለው ቤተ ክርስቲያን ማንበብ ተቻለ። የአክሱም የሕንፃ ጥበብ ዛሬ የሚገለጽበት መንገድ ከዚህ የተነሣ ነው።

ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ክብደቱም ከ500 ቶን በላይ የሚገመተው ታላቁ ሐውልት ወድቆና ተሰባብሮ በተጋደመበት ተለክቶ ተሣለ። 24 ሜትር የሚረዝመው ሁለተኛው ሐውልትም በዚያን ጊዜ እንዲሁ በመሬት ላይ ተሰባብሮ ይገኝ ነበር። ይህ ሐውልት በ1937 በወራሪው መንግሥት ወደ ሮማ ተወስዶ በዚያች ከተማ አደባባይ ተተከለ። በ2005 ቁርጥራጮቹ በአውሮፕላን ወደ አገራቸው ተመልሰው በ2008 በጥንት ሥፍራቸው ቆሙ። ከመወሰዱ በፊት በቦታው ላይ በምን ሁኔታ እንደ ነበር ከሚመሰክሩት መረጃዎች መካከል የ1906ቱ ንድፍና ፎቶግራፍ በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ይገኛሉ።

የሊትማን የራሱ ድርሻ የድንጋይ ጽሑፎቹ ነበሩ። በአክሱም የዒዛና ጽሑፍ መኖሩ ከ1805 ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በዚያን ዓመት የግሪኩን ቃል ገልብጦ ነበርና። ሊትማን ግን ያሉትን ጽሑፎች ሁሉ በአንድነት ሰብስቦ፣ በግሪክ፣ በሳባ ፊደልና በግዕዝ የተጻፉትን ጎን ለጎን አቅርቦ፣ ለእያንዳንዳቸው ቁጥርና ትርጓሜ ሰጣቸው። በዚህ ሥራ አንድ ታላቅ ለውጥ በግልጽ ታየ። ዒዛና በቀደሙት ጽሑፎች ድሉን የሚያመሰግነው የአባቶቹን አማልክት እየጠራ ነው፤ በኋለኛው የግዕዝ ጽሑፍ ግን የሰማይን ጌታ ብቻ ይጠራል። የአንድ አገር ሃይማኖት የተለወጠበት ዘመን በአንድ ንጉሥ ድንጋዮች ላይ ተጽፎ ተነበበ። በ1969 በአክሱም የተገኘ ሌላ የዒዛና የግሪክ ጽሑፍ የንጉሡን ክርስቲያንነት ያለ ጥርጥር ሲያረጋግጥ፣ የዚያ ንባብ መሠረት ትክክለኛ እንደ ነበረ ታወቀ።

እዚህ ላይ የሕንፃ ባለሙያውን የክሬንከርን የኋላ ታሪክ ማንሣት ተገቢ ነው፤ ለአክሱም ጥናት አንድ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሰጣልና። ክሬንከር ከአክሱም ከተመለሰ በኋላ በጀርመን ምዕራባዊ ድንበር አጠገብ በምትገኘው በትሪር ከተማ ብዙ ዓመታት ሠርቷል። ትሪር ትሬቨሪ የተባሉት የጋሊያ ሕዝብ አገር የነበረች፣ በኋላ ሮማውያን ያስፋፏት፣ በ4ኛው ምእተ ዓመትም የቄሣሮች መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። በዚያ የነበረውን የቄሣሮች የመታጠቢያ ሕንፃ ክሬንከር ልክ እንደ ታዕካ ማርያም መሠረቱን ተከትሎ ለክቶ በ1929 መጽሐፉን አሳተመ። ይህች ሩቅ ከተማና አክሱም የተገናኙት በአንድ መሐንዲስ መለኪያ ብቻ አይደለም። ፍሬምናጦስን፣ ማለት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስ ከዚያ በፊት ከ335 እስከ 337 በግዞት የተቀመጠው በዚችው በትሪር ነበር። የአትናቴዎስ ጠላት የነበረው ቄሣር ዳግማዊ ቆስጠንጢዮስም በ356 ገደማ ስለ ፍሬምናጦስ ጉዳይ ለዒዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፏል።

በትሪር ከተማ ቤተ መዘክር የተቋቋመው በ1877 ነው። ስለዚህ ከዚያ ምድር የወጣው የጋሊያና የሮማ ቅርስ ከከተማው ሳይርቅ ቀረ፤ የከተማው ልጅም የአያቶቹን የመቃብር ድንጋይና የወይን ነጋዴዎቹን ቅርጽ እያየ ለማደግ ቻለ። የአክሱም ዕድል ከዚህ የተለየ ነበር። ድንጋዩ በከተማው ቀረ፤ ስለ ድንጋዩ የተጻፈው ዕውቀት ግን ወደ በርሊን ሄደ።

ይህ ዕውቀት መጽሐፍ ለመሆን 7 ዓመት ፈጀበት። ሊትማን በ1906 በሽትራስቡርግ ዩኒቨርስቲ የታላቁን ሊቅ የቴዎዶር ኖልደከን ወንበር ተረክቦ ማስተማር ጀመረ። ነፋዕ ወድ ዕትማንም ከአገሩ ወደ ሽትራስቡርግ መጥቶ ከሊትማን ጋር የተሰበሰበውን የትግረ ጽሑፍ ያስተካክል፣ የከበደውን ቃል ይፈታ ነበር። ሥራው ብዙ ከተራመደ በኋላ በ1909 ወደ ወገኖቹ ለመመለስ ከኢጣልያ በመርከብ ተሳፈረ፤ በጉዞው ላይ በባሕር ጠፍቶ ቀረ። አባ ጎርጎርዮስ በባሕር ከሞቱ 250 ዓመት ካለፈ በኋላ የአገሩን ዕውቀት ለጀርመን ሊቅ ያስተማረ ሌላ ሰው በተመሳሳይ መንገድ ተለየ። ሊትማን ይህን ሐዘን እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልረሳም። በታተሙት መጻሕፍትም ውስጥ የነፋዕን ድርሻ በስሙ አስመዘገበ። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት የአገሬውን ረዳት ብዙ ጊዜ ያለ ስም ያልፉት እንደ ነበር ሲታሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በአክሱም አፈሩን የቆፈሩትና ድንጋዩን ያነሡት ሠራተኞች ግን የዚህ ክብር ተካፋይ ለመሆን አልታደሉም።

የአክሱም መጽሐፍ በ1913 በበርሊን በአራት ትላልቅ ክፍሎች ታተመ። የመጀመሪያው የጉዞውን ታሪክና የአክሱምን አቀማመጥ፣ ሁለተኛው የክሬንከርን የጥንት ሐውልቶች ጥናት፣ ሦስተኛው ሉፕከ ያዘጋጀውን የቤተ ክርስቲያኖችና የቤቶች አሠራር፣ አራተኛው ሊትማን ያረማቸውን የድንጋይ ጽሑፎች ይዟል። በዓመቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። መጽሐፉ ጥቂት ወራት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ሳይታተም ምን ያህል ዓመት ይቆይ እንደ ነበር ለመገመት አያዳግትም። በዚያው በ1914 ሊትማን በጥንታዊ አማርኛ የተጻፉትን የነገሥታት መዝሙሮች የሚመለከት ሥራም አወጣ፤ ይህም የአማርኛን የቀድሞ መልክ ለሚያጠኑ ሁሉ መነሻ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ የመምህርና የጸሐፊ ሕይወት ነው። ከጦርነቱ በፊት በካይሮ አዲስ በተከፈተው የግብጽ ዩኒቨርስቲ ባስተማረ ጊዜ ከተማሪዎቹ አንዱ በኋላ የዐረብ ሥነ ጽሑፍ መሪ የሆነው ዓይነ ስውሩ ጣሃ ሑሴን ነበር። በጎቲንገንና በቦን ካስተማረ በኋላ በ1921 ወደ ቱቢንገን ሄዶ እዚያው ጸና። ከ1921 እስከ 1928 የአንድ ሺሕ አንድ ሌሊት ተረቶችን ከዐረብኛ ወደ ጀርመንኛ ተርጉሞ በ6 መጻሕፍት አወጣ፤ በጀርመን አገር ስለ አክሱም አንድም ነገር ሰምቶ የማያውቀው ቤተሰብ እንኳ የሊትማንን ስም ያወቀው በዚህ ትርጉም ነው። ሁለት የዓለም ጦርነቶችን፣ የሁለት መንግሥታትን መውደቅ አይቶ ከሥራው ጠረጴዛ ሳይነሣ ሸመገለ። በእርጅናው ዘመን የያዘው የመጨረሻ ትልቅ ሥራ በ22 ዓመቱ የጀመረው የትግረ ቋንቋ ነበር። ከማሪያ ሆፍነር ጋር ያዘጋጀው የትግረ መዝገበ ቃላት በ1956 መታተም ጀመረ። ሊትማን ግን ግንቦት 4 ቀን 1958 በቱቢንገን በ82 ዓመት ዕድሜው ስላረፈ ፍጻሜውን አላየም፤ መጽሐፉ በ1962 ተጠናቀቀ።

የአንድን ሰው ሥራ በሚዛን ለማየት ጉድለቱንም መናገር ያስፈልጋል። የ1906ቱ ቁፋሮ ፈጣን ነበር። የሕንፃውን መሠረት ለማግኘት ሲባል የግድግዳውን መስመር እየተከተሉ ስለ ቆፈሩ፣ ዛሬ የአርኪዎሎጂ ባለሙያ የአፈሩን ንብርብርና የሸክላውን ስብርባሪ እያየ ዘመን የሚወስንበት ማስረጃ ሳይመዘገብ ቀርቷል። የአንዳንዱ ሕንፃ ዘመን ለረጅም ጊዜ አከራካሪ ሆኖ የኖረውም ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነው። መጽሐፉም በጀርመንኛ፣ በከባድ ዋጋና በጥቂት ቅጅ የወጣ ስለ ነበር የአክሱም ካህን ወይም የአዲስ አበባ ተማሪ ሊያገኘውና ሊያነበው የሚችል አልነበረም። የሐውልቶቹ ክፍል በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ማተሚያ ቤት ተሳትፎ የወጣው በ1997፣ ማለት ከመጀመሪያው ኅትመት 84 ዓመት በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ ጉድለት ቢኖርም ከእርሱ በኋላ የመጣ ማንም ሰው ሥራውን ከመጀመሪያ እንደ ገና መጀመር አላስፈለገውም። በ1952 በአዲስ አበባ የአርኪዎሎጂ ተቋም ተመሥርቶ በአክሱም አዲስ ቁፋሮ ሲጀመር፣ በ1966 ፍራንሲስ አንፍሬ የዱንጉርን ቤተ መንግሥት መቆፈር ሲጀምር፣ በ1973 እና በ1974 ኔቪል ቺቲክ፣ ከ1993 ጀምሮ ደግሞ ዴቪድ ፊሊፕሰን ሐውልቶቹንና መቃብሮቹን ሲመረምሩ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ መነሻው የ1906ቱ ካርታ ነበር። ዛሬም በአክሱም ያለ ጽሑፍ ወይም ሐውልት ሲጠቀስ ያ ቡድን የሰጠው ቁጥር አብሮ ይጠቀሳል። አክሱም በ1980 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ፣ ከተማዋ በጽሑፍ ከታወቀች ብዙ ዘመን አልፎ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ዋጋው የታወቀው በጠፋው ነገር ነው። የአሥመራ ጥንታዊት የማርያም ቤተ ክርስቲያን በድንጋይና በእንጨት የተሠራች፣ የአክሱምን የሕንፃ ወግ የጠበቀች ነበረች፤ በ1920 ፈርሳ በሌላ ተተካች። ያ አሠራር ዛሬ የሚጠናው የሊትማን ጓደኞች ቀደም ብለው ስለ መዘገቧት ነው። ታዕካ ማርያምም እንደ ተነገረው በመንገድ ሥር ሆነ። መንገዱን የቀደዱት ሰዎች የሚያፈርሱት ነገር ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ቢፈልጉ ኖሮ ንድፉን በበርሊን ከታተመው መጽሐፍ ሊያገኙት ይችሉ ነበር። ስለዚህ መዝገብ ጥፋትን ሁልጊዜ አያግድም፤ ነገር ግን ጥፋቱ ፍጹም እንዳይሆን ያደርጋል።

ይህ ነገር የአክሱምን ከተማ ብቻ የሚመለከት አይደለም። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው ምእተ ዓመት በአዱሊስ ወደብ ከድንጋይ ላይ የገለበጠው የግሪክ ጽሑፍ በአክሱም ንጉሥ ድል ከተዘረዘሩት ሕዝቦች መካከል የአገውን ስም ይዟል። ይኸው ነጋዴ የአክሱም ንጉሥ ወደ ወርቅ አገር ነጋዴዎችን የሚልከው በአገው ገዥ በኩል እንደ ነበረ ይተርካል። ያ ድንጋይ ራሱ ዛሬ የለም፤ በላዩ የነበረው የአገው ስም የደረሰን አንድ መንገደኛ ቆሞ ስለ ገለበጠው ብቻ ነው። በአዊ ምድር በአዘና፣ በእንጅባራ ወይም በዳንግላ የሚሠራ አስተማሪም ሆነ የባህል ሠራተኛ፣ በአካባቢው ያለን የቆየ ግንብ ሲለካ፣ የአጥቢያውን የብራና መጻሕፍት ሲመዘግብ፣ የሽማግሌዎችን ትረካ በአውኛ ቃል በቃል ሲጽፍ የሚሠራው ኮስማስ በአዱሊስ፣ ነፋዕ በገለብ፣ ሊትማንም በአክሱም የሠሩትን ያንኑ ሥራ ነው። ቤተ መዘክር የሚጀምረው ከሕንፃው አይደለም። ሕንፃው ገንዘብ ሲገኝ ይሠራል፤ ሳይመዘገብ የጠፋውን ግን ገንዘብ አይመልሰውም።

አንድ ነገር ግን ከሊትማን ዘመን መለየት ይኖርበታል። በ1906 የተለካው ሁሉ ለመታወቅ 7 ዓመት፣ በአገሩ ለመነበብ ደግሞ ከ80 ዓመት በላይ ፈጅቷል። ዛሬ የሚመዘገበው ቅርስ ቅጅው በመጀመሪያ ሊቀመጥ የሚገባው በተመዘገበበት ከተማ ነው፤ የመዘገቡትና ያስረዱትም ሰዎች ስም አብሮ ሊጻፍ ይገባል። ሊትማን በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ ለነፋዕ ያደረገው ይህ ነገር ምናልባት ለመከተል ቀላሉ ነው። የታዕካ ማርያምን ቤተ መንግሥት የሚያውቅ ሰው ዛሬ የሚያውቀው በአንድ ወረቀት ላይ በተሠመሩ መስመሮች ነው። መስመሮቹ ባይኖሩ ኖሮ በዚያ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ምን ላይ እየረገጠ እንደሚሄድ የሚነግረው አይኖርም ነበር።